ውሻዎ አንገት ላይ እብጠት ከተገኘ፦ ምስል ከማስነሳትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሰው አንገት ላይ የሚወጣ እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ድመት ላይ የሚያብጠው የታይሮይድ ዕጢም ሆርሞን አብዝቶ ያስቸግራል እንጂ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከመቶ ሁለት ሦስቱ ቢሆን ነው። ውሻ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በእጅ ተዳስሶ ከሚገኘው የታይሮይድ እብጠት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ካንሰር ነው። «እንቅርት ነው፣ ይዞት ይኖራል» ብሎ መተው ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

የሚያጽናናው ደግሞ ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑ ነው። እብጠቱ ከዙሪያው ሥጋ ጋር ሳይጣበቅ ተደርሶበት በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ውሾች ብዙዎቹ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ከተጣበቀ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና ብቻውን የሚጨምረው ዕድሜ በወራት ይቆጠራል። ውሻዎ ከሁለቱ በየትኛው በኩል እንዳለ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በምስል ነው። የትኛው ምስል መጀመሪያ ይነሳ የሚለው ደግሞ ኪስዎንም ውሻውንም የሚነካ ጥያቄ ነው፤ ተራው ከተዛባ አንዱ ምርመራ ሌላውን ለሳምንታት ሊያበላሽ ይችላል።

መጀመሪያ በእጅዎ

የታይሮይድ ዕጢ ውሻ ላይ ሁለት የተለያዩ ክፋዮች አሉት። ከማንቁርቱ በታች፣ ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ ተጋድመው ይገኛሉ። ጤነኛ ሲሆኑ በእጅ አይገኙም። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ጠንከር ያለ ነገር በጣትዎ ከነኩ ሐኪም ማየት አለበት።

ሲዳስሱ ሁለት ነገር ያስተውሉ፤ መጠኑንና መንቀሳቀሱን። በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፉት ከቆዳው ሥር የሚሄድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ከአየር ቧንቧው ወይም ከጡንቻው ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ ካለ ነገሩ ከበድ ይላል። ደጋግመው አይጫኑት፤ ይህ ዕጢ ደም የሚበዛበት ነው።

ድምፁ የተለወጠ፣ የሚያስል፣ ሲውጥ የሚቸገር፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ፣ ፊቱ ያበጠ፣ ወይም የአንድ ዓይኑ ቆብ ወርዶ ብሌኑ የጠበበ ውሻ ካለዎት እብጠቱ በአጠገቡ የሚያልፉትን ነርቮችና የደም ስሮች መጫን ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቀጠሮ እስኪደርስ ሳምንታት መጠበቅ አይገባም።

በሽታው በብዛት የሚታየው ከ9 እስከ 11 ዓመት ባሉ ውሾች ላይ ነው። ጎልደን ሪትሪቨር፣ ቢግል፣ ቦክሰርና ሳይቤሪያን ሃስኪ የሚባሉት ዝርያዎች ከሌሎቹ ይልቅ ይጠቃሉ። ወንድ ሴት ብሎ አይመርጥም።

አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ ግን ታይሮይድ አይደለም። በንክሻ ወይም በሰንሰለት ቁስል የተነሳ መግል የቋጠረ እብጠት፣ ያበጠ የሊምፍ ዕጢ፣ ምራቅ ያጠራቀመ ከረጢት፣ ከካሮቲድ የደም ስር መገንጠያ ላይ የሚነሳ ሌላ ዓይነት ዕጢ፣ ሁሉም እዚያው ሰፈር ናቸው። የመጀመሪያው ምስል ሥራም ይህን መለየት ነው።

አንድ ጥያቄ ይዘው ይግቡ

ሐኪሙ ማንኛውንም ምስል ሲያዝዝ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን? እንዲያ ቢሆንስ?» ብለው ይጠይቁ። ለሁለቱም መልሱ አንድ ከሆነ ያ ምስል ለጊዜው አያስፈልግም። ቀዶ ሕክምናም ሆነ ጨረር ላለማሠራት ለወሰኑለት የ15 ዓመት ሽማግሌ ውሻ ማደንዘዣ ሰጥቶ ሲቲ ስካን ማንሳት፣ በእኔ እምነት፣ ከማወቅ ጉጉት አያልፍም። ለ9 ዓመቱ ጠንካራ ውሻ ግን ያለ ሲቲ ስካን ቢላ ማንሳት ድፍረት ነው። ጥያቄው አንድ ቢሆንም መልሱ እንደ ውሻው ይለያያል።

አልትራሳውንድ፦ መግቢያ በር

ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አይፈልግም። የአንገቱ ፀጉር ይላጫል፣ ጄል ይቀባል፣ ውሻው ተይዞ ይቆያል፤ በቃ። ከሐኪሙ አጠገብ ቆመው ስክሪኑን ማየት ከቻሉ ይመልከቱት። ጤነኛው ክፋይ እንደ ስንዴ ፍሬ መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ፣ ጠርዙ የተስተካከለና አንድ ወጥ ግራጫ ነው። በአጠገቡ የካሮቲድ የደም ስር ጥቁር ክብ ሆኖ ሲመታ ይታያል። የታመመው ክፋይ ይህ ሥርዓት የለውም። ጠቆር ብሎ፣ እዚህም እዚያም ፈሳሽ የያዙ ጉድጓዶች፣ አንዳንዴም ነጭ የካልሲየም ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ዶፕለር የሚባለው የደም ፍሰት ማሳያ ሲበራ እብጠቱ በቀይና በሰማያዊ ይጥለቀለቃል፤ ያ ሁሉ ደም ነው።

አልትራሳውንድ እብጠቱ ከታይሮይድ የተነሳ መሆኑን፣ ሁለተኛው ክፋይ ጤነኛ መሆኑን፣ የአንገት ሊምፍ ዕጢዎች ማበጥ አለማበጣቸውን ይነግርዎታል። ከአየር ቧንቧው ጀርባ የገባውን፣ ወደ ደረት የወረደውን፣ የጠለቀውን ግን በደንብ አያሳይም፤ የድምፅ ሞገዱ አየርን አልፎ አይሄድምና። የሚያነሳው ሰው ልምድም ውጤቱን ይወስነዋል። እርጉዝ ላሞችን ብቻ ሲያይ የኖረ ባለሙያ በውሻ አንገት ላይ ቢቸገር አይፈረድበትም።

መርፌው

በአልትራሳውንድ እየተመራ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው። ቀጭን ሲባል 25 ቁጥር መርፌ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በሲሪንጅ አይመጡም፤ መርፌውን ብቻ አስገብተው ያወጣሉ፤ ከተመጠጠ የሚሞላው ደም ነውና። እንዲያም ሆኖ ናሙናው ደም ብቻ ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ ሲሆን «አልተሳካም፣ ይደገም» ቢባሉ አይናደዱ።

ይህ ናሙና ምን እንደሚመልስ አስቀድመው ይወቁ። ሴሎቹ የታይሮይድ መሆናቸውን ብዙ ጊዜ ይናገራል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፤ ያንን የሚፈርደው ዕጢው ወጥቶ ፓቶሎጂስት ሲያየው ነው። በቀጭን መርፌ «ካንሰር አልታየም» የሚል ወረቀት ይዞ እፎይ ማለት ስለዚህ አያዋጣም፤ ከአሥሩ ዘጠኙን ያስታውሱ።

ወፍራም መርፌ ገብቶ ሥጋ ቆርጦ ይምጣ ከተባለ ምክንያቱን አጥብቀው ይጠይቁ። ደም እንዲህ በሚበዛበት ዕጢ ላይ የመድማት አደጋው ትንሽ አይደለም። ለምርመራ ብሎ ገብቶ በአንገት ውስጥ ደም አፍስሶ ትንፋሽ ማሳጠር፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኸው ነው። ማንኛውም መርፌ ከመግባቱ በፊት የፕሌትሌት ቁጥርና የደም መርጋት ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሲቲ ስካን፦ ለቀዶ ሐኪሙ ካርታ

ጤነኛ የታይሮይድ ዕጢ በሲቲ ስካን ላይ ምንም መድኃኒት ሳይሰጥ ራሱ ያበራል። ምክንያቱ አዮዲን ነው፤ ዕጢው ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ያከማቻል፣ አዮዲን ደግሞ ጨረሩን ይይዛል። ካንሰር የገባበት ክፋይ ይህን ክምችት ስለሚያጣ ደብዝዞ ይታያል። በዚያው ሰዓት ጤነኛው ክፋይ በሌላው በኩል ነጭ ሆኖ ስለሚቆም ልዩነቱ ለሠለጠነ ዓይን ግልጽ ነው።

ቀጥሎ በደም ስር ኮንትራስት ይሰጣል። ይህ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ሲገባ ደም የበዛበት እብጠት ይደምቃል፣ ድንበሩም ይወጣል። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህን ነው። እብጠቱ ከሽፋኑ ወጥቷል? የምግብ ቧንቧውን ነክቷል? ካሮቲዱን ከቧል? የአንገት ደም መላሽ ስር ውስጥ ገብቶ እንደ ረጋ ደም ተዘርግቷል? ይህ የመጨረሻው በተለይ ያታልላል፤ በጣት ሲገፋ የሚሄድ እብጠት በደም ስሩ ውስጥ ጭራ ሊኖረው ይችላል፣ እጅ ደግሞ ያንን አያገኘውም።

ሲቲ ስካን ሌላም ጥቅም አለው። ውሻ ላይ የታይሮይድ ሕብረ ሕዋስ ከምላስ ሥር ጀምሮ እስከ ልብ ሥር ድረስ በየቦታው ተበታትኖ ሊገኝ ይችላል፤ ካንሰሩም ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ምስሉ አንገት ላይ ብቻ እንዳይቆም ይጠይቁ። ውሻው አንዴ ከተኛ አንገትና ደረትን አብሮ ማንሳት የጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ለብቻው ሌላ ቀን ማስተኛት ግን ሌላ ክፍያና ሌላ ማደንዘዣ ነው።

ሁለቱም ክፋዮች ከታመሙ ጉዳዩ ከባድ ነው። በየክፋዩ ላይ ፓራታይሮይድ የሚባሉ፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተለጥፈዋል። ሁሉም አብረው ከወጡ በቀናት ውስጥ ካልሲየም ወርዶ ውሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሊጥለውም ይችላል። የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን መውሰዱም የዕድሜ ልክ ይሆናል። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቅና በኋላ መስማት አንድ አይደለም።

ተራውን የሚያዛባው አዮዲን

ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሲቲ ኮንትራስት አዮዲን ዕጢውን ስለሚያጠግበው፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የታይሮይድ ኑክሌር ምስልም ሆነ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና በትክክል ላይሠራ ይችላል። ኑክሌር ምስል የሚታሰብ ከሆነ ኮንትራስት ካለው ሲቲ በፊት ይነሳ። ሐኪሞች ይህን ያውቃሉ፤ ግን አንዱ ክሊኒክ ሲቲውን፣ ሌላው ኑክሌሩን ሲሠራ መሃል ላይ የሚረሳ ነገር አይጠፋም። እርስዎ ያስታውሷቸው።

የባሕር አረም ያለበት ማሟያ ምግብ፣ አዮዲን ያለው መድኃኒት፣ የታይሮይድ ክኒንም እንዲሁ የኑክሌር ምስሉን ያዛባሉ። ውሻዎ የሚወስደውን ሁሉ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ኑክሌር ምስል ለማን ነው?

ሲንቲግራፊ ይባላል። ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በትንሹ በደም ስር ይሰጥና ጋማ ካሜራ የት እንደተጠራቀመ ያነሳል። ጤነኛ ውሻ ላይ ሁለት ሞላላ ነጥቦች አንገቱ ላይ ይታያሉ፤ ድምቀታቸው ከመንጋጋ ሥር ካሉት የምራቅ ዕጢዎች ጋር እኩል ነው። ከምራቅ ዕጢዎቹ በላይ የደመቀ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ ወይም ሊኖር በማይገባው ቦታ የበራ ነገር ሐኪሙን ያነቃዋል።

ይህ ምስል ለሁሉም አይደለም። በእጅ የሚንቀሳቀስ አንድ እብጠት ላለበትና ቀዶ ሕክምና ለተወሰነለት ውሻ ብዙም አይጨምርም። የሚጠቅመው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለታሰበለት፣ ከቦታው ውጭ የበቀለ ታይሮይድ ለተጠረጠረበት፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ነገር እንዳለ ለሚፈለግበት ነው። አዮዲን የማይወስድ እብጠት በአዮዲን አይታከምምና።

የቴክኒሺየሙ ጨረር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከአንድ ቀን በኋላ የሚቀረው ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ ነው። ክሊኒኩ ውሻውን ሊያሳድረው ይችላል። ቤትዎ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ አስቀድመው ይናገሩ። ለሕክምና የሚሰጠው አዮዲን 131 ግን ሌላ ነገር ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ስለሆነ ውሻው ተለይቶ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

ኤምአርአይ በአጭሩ፦ ለስላሳ ሥጋን በደንብ ይለያል፣ ዕጢው የት ድረስ እንደደረሰ ያሳያል። ግን ረዘም ያለ ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ሳንባን በደንብ አያሳይም፣ ዋጋውም ይከብዳል። ጥሩ ሲቲ ስካን ካለ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ሳንባውን ሳያዩ አይወስኑ

ይህ ካንሰር የሚሄደው በዋናነት ወደ ሳንባና ወደ አንገት ሊምፍ ዕጢዎች ነው። በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ውሾች በአንዱ ላይ ተሰራጭቶ ይገኛል። ስለዚህ ቢያንስ የደረት ራጅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጎን ሳይሆን በቀኝ ጎን፣ በግራ ጎንና በጀርባ ወይም በሆድ ተኝቶ፣ ሦስት ጊዜ የተነሳ። ውሻው በአንድ ጎን ሲተኛ የታችኛው ሳንባ ስለሚጨመቅ እዚያ ያለ ነጠብጣብ ይደበቃል። አንድ ራጅ ብቻ አንስቶ «ሳንባው ንጹሕ ነው» የሚል ካለ ሌሎቹን ሁለቱን ይጠይቁ። ሦስቱም ንጹሕ ቢሆኑ እንኳ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሱትን ራጅ ይስታቸዋል፤ ሲቲ ስካን በሚሊ ሜትር የሚለኩትን ያሳያል።

በተቃራኒው፣ ሳንባ ላይ ነጠብጣብ መታየቱ የሞት ፍርድ አይደለም። የታይሮይድ ስርጭት ቀስ ብሎ የሚሄድ ሊሆን ይችላል፤ አንገቱ ላይ ያለው ታክሞ ትንፋሹ ሲቀልለት ውሻው ጥሩ ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። በአንድ ራጅ ተደናግጦ፣ ስርጭቱን ሳያረጋግጡ፣ ውሻን በመርፌ እንዲሞት ማድረግ የሚያስቆጭ ነው።

መጠኑን ያስለኩ

በእያንዳንዱ ሪፖርት ላይ እብጠቱ በሦስት አቅጣጫ ተለክቶ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ዓይን በዲያሜትር ያስባል፣ ካንሰር ግን የሚያድገው በይዘት ነው። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ እብጠት 14 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 113 ይሆናል፤ ማለትም በዓይን እጥፍ የሆነው በይዘት ስምንት እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ እስካሁንም የሚጠቀስ ጥናት ትናንሾቹ እብጠቶች የሚሰራጩት በጥቂቱ ሲሆን ከ100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያለፉት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ተሰራጭተው እንደሚገኙ አሳይቷል። «በሦስት ወር እንየው» የሚለውን ምክር በዚህ ሚዛን ይመዝኑት።

የደም ምርመራውና የምግብ ሳህኑ

የደም ሆርሞን ልክ መሆኑ ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ይህ በሽታ ካለባቸው ውሾች አብዛኞቹ ሆርሞናቸው ልክ ወይም ዝቅ ያለ ነው፤ የሚበዛባቸው ጥቂቶች ናቸው። ሆርሞኑ ከበዛ ደግሞ ምስል ከማዘዝ በፊት የሚበላውን መጠየቅ ይገባል። ከልኳንዳ የሚመጣ የከብት ጉሮሮ ቁርጥራጭ ከነታይሮይድ ዕጢው ከተበላ የውሻውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የከብት ታይሮይድ ሆርሞን ስለተገኘባቸው የውሻ ምግቦች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኛ ዘንድ ውሻ ጉሮሮ መብላቱ ብርቅ ስላልሆነ ይህን ለሐኪሙ መንገር የእርስዎ ድርሻ ነው።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የሚጠይቁት

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካሉ፣ መጀመሪያ ያየዎት ሐኪም ወደ ስፔሻሊስት ሊልክዎ ይችላል። የሚከተሉትን በጽሑፍ ይያዙ፦

– ምስሉን የሚያነበው ማን ነው? ያነሳው የክሊኒኩ ሐኪም ብቻ ነው ወይስ በሙያ ቦርድ የተመሰከረለት የእንስሳት ሬዲዮሎጂስት? የጽሑፍ ሪፖርቱ መቼ ይደርሳል?

– ዋጋው ማደንዘዣውን፣ ኮንትራስቱን፣ የሬዲዮሎጂስቱን ንባብና ደረቱን ይጨምራል? የእንስሳት መድን ካለዎት ከምርመራው በፊት ይደውሉ፤ ውሉ ከመጀመሩ በፊት የነበረ በሽታን አብዛኞቹ አይከፍሉም፣ የመጀመሪያው የሐኪም ማስታወሻ ላይ የተጻፈው ቀን ወሳኝ ነው።

– ከማደንዘዣው በፊት የኩላሊትና የልብ ምርመራ ተሠርቷል? ኮንትራስት በኩላሊት በኩል ነው የሚወጣው።

– ሲቲው የሚታየው ለቀዶ ሐኪሙ ነው። እሱ የሚፈልገው ዓይነት ሆኖ መነሳቱን ሁለቱ ተነጋግረዋል?

አዲስ አበባና አካባቢዋ ያሉ አንባቢዎች ሲቲ ስካን ባያገኙ ተስፋ አይቁረጡ። በደንብ የተነሳ አልትራሳውንድ፣ ሦስት የደረት ራጅና በእጅ የሚንቀሳቀስ እብጠት አንድ ላይ ሲገኙ ብዙ ጥያቄ ይመልሳሉ። ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ምን እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተጣበቀ እብጠት ከሆነ ግን ያለ ሲቲ ይቆረጥ ከሚል ሰው ይጠንቀቁ።

ምስሉ ከተናገረ በኋላ

የሚንቀሳቀስና ያልተሰራጨ ከሆነ ቀዶ ሕክምና። የተጣበቀ ከሆነ የውጭ ጨረር ወይም፣ አዮዲን የሚወስድ ዓይነት ከሆነ፣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፤ በእነዚህ ከታከሙት ብዙዎቹ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ኖረዋል። ከዚያ ውጭ ቶሴራኒብ የሚባለው ክኒን ወይም ማስታገሻ አለ። ከሕክምናው በኋላም በየጥቂት ወሩ አንገቱ ይዳሰሳል፣ ደረቱ ይነሳል።

ከየክሊኒኩ ሲወጡ ምስሉን በዲስክ ወይም በሊንክ ይቀበሉ፤ የሪፖርቱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሌላ ሐኪም ማማከር ቢፈልጉ የሚጠይቅዎት ያንኑ ነው። እብጠቱ ዛሬ በጣትዎ ሥር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ወር አያስተላልፉ፣ በዚህ ሳምንት ይደውሉ።